አባቴ ደፉን የወጣ ሰሞን

አይሱዙ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ጋቢናውን አይደለም የምላችሁ። ጋቢና ለሹምና ለነፍሰ ጡር ነው። ኋላውን ነው፤ ከእህሉ ጆንያና ከበጉ ጋር። ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ ድረስ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ልብ ብላችሁ ካያችሁ የሰው ጠባይ የሚለየው እዚያ ስፖንዳው ላይ ነው። አንዱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጎትቱኝ ይላል። ሌላው ጎማውን ይረግጥና ስፖንዳው ላይ በሆዱ ይተኛል፤ እግሩን አየር ላይ ሲያወራጭ ቆይቶ ሰው ጭን ላይ ይወድቃል። ይቅርታም አይጠይቅ። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ ይመጣል። ሁለት መዳፉን ስፖንዳው ላይ ይተክላል፣ ወደ ታች ይጫናል፣ ክንዱ ቀጥ ሲል እግሩን እጁ አጠገብ ያኖርና ቆሞ ይገባል። አለቀ። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ አገርህ ወዴት ነው ብላችሁ አትድከሙ። የእኛ ሰፈር ሰው ነው።

ለምን በሉኛ።

የእኛ ሚካኤል ያለው ገደል ላይ ነው። ታች ጋይንት አልቆ መሬቱ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ገደሉ ወገብ ላይ እንደ መደርደሪያ የወጣ ሰፊ ድንጋይ አለ። ቤተ ክርስቲያኑም የመነኮሳቱ ጎጆም እዚያ ላይ ነው። እስከ ግማሹ ድረስ መንገዱ መንገድ ነው፤ ፍየል መንገድ የምትለው ዓይነት። ከዚያ በላይ የጥንት ሰዎች የፈለፈሉት የእግር መርገጫ አለ። መጨረሻው ላይ ደፉ ይመጣል። ደፉ የምንለው የመደርደሪያውን ጠርዝ ነው። ከሥሩ የበሬ ቆዳ የምታህል መቆሚያ አለች። እሷ ላይ ስትቆሙ ደፉ ትከሻችሁ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መርገጫ የለም፣ መጨበጫ የለም። ያለው ልሙጥ ድንጋይና የገዛ መዳፋችሁ ነው።

ከላይ ያለ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢስባችሁስ? አይሆንም። ወጉ አይፈቅድም። በመጫኛ ገመድ እየተሳበ የሚወጣው እህሉ፣ ዘቢቡና ውኃው ነው፤ ሰው በገዛ መዳፉ ነው የሚገባው። ካህናቱን ብትጠይቋቸው ሚካኤል የጠራውን ራሱ ያወጣዋል ይሏችኋል። አባቴ ግን ሌላም ነገር ነግሮኛል። የሚወድቅ ሰው የያዘውን ይዞ ነው የሚወድቅ፤ ሁለት ከሚሞት አንድ ይሙት ተብሎ ነው አለኝ። ሃይማኖትና ብልሃት እኛ ዘንድ አንድ ጎጆ ነው የሚያድሩት።

አንድ ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተን የብረት መሰላል እናቁም ብለው ተነሥተው ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲመክሩ ዋሉ። ማታ ላይ፣ መሰላል ከቆመማ ፍየሉም ያስቀድሳል ብለው ተበተኑ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም አባ ወልደ ሚካኤል እዚያ ላይ ናቸው። በልጅነታቸው እዚሁ ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ የተማሩ፣ ሲያዜሙ ቆላው ድረስ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ኋላ መነኮሱና ገደሉን ወጡ፤ ከዚህ ወዲያ አልወርድም ብለውም ለሚካኤል ቃል ሰጡ። አባቴ ምን ገዶት! በበዓል በበዓሉ እየወጣ ይጠይቃቸው ነበር። ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ እናት አባታቸውም ሌሎች ወንድሞቻቸውም አልፈዋል። ታዲያ ዕድሜ የሚሉት ነገር መጣ። አንዱ ኅዳር ሚካኤል ላይ አባቴ ደፉ ጋ ደርሶ ክንዱ አልሸከም አለው። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ተመልሶ ወርዶ ከሴቶቹ ጋር ገደሉ ግርጌ ካለው ወይራ ሥር አስቀደሰ። ሴቶቻችን ድሮም የሚያስቀድሱት እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የወንድማማቾቹ ነገር የሚያስቅም የሚያሳዝንም ሆነ። አንዱ መውጣት አይችል፣ አንዱ መውረድ አይፈልጉ። አባቴ ወይራው ሥር ይቆምና አንድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሌላውን እያወናጨፈ ይጮኻል። አባ ወደ ደፉ ብቅ ብለው መቋሚያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አባቴ ያልነገራቸው የቤታችን ጉዳይ የለም። የላሟን መጨንገፍ፣ የገብሱን ዋግ፣ የእኔን ትምህርት ማቋረጥ፣ የእናቴን መታመም፣ ሁሉንም ጮኾ ተናግሯል። በመካከል ያለው አገር በሙሉ ይሰማል። የእኔን የሠርግ ቀን እኔ ራሴ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ስልክ ጠፍቶ ነው ወይ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እንዲያውም እኔ ንፋስ መውጫ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ደህና ስልክ መርጬ፣ ቻርጅ አድርጌ፣ ከዘቢቡ ጋር በመጫኛ አሳብኩላቸው። ኔትወርኩ እኮ እዚያ ገደል ላይ ከከተማው ይሻላል። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ በቅርጫት ተመለሰ። ያመጣው ዲያቆን፣ አባ ደግ ነገር ነው ግን አይናገርም ብለዋል አለኝ። ፈታትቼ አየሁት። ምንም አላገኘሁበትም። አባቴ በእኔ ሙያ ላይ የነበረው እምነት ያን ዕለት በጣም ተቀነሰ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ እናት አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን እያገላበጠ ያያል። ምነው ስለው፣ አባ ሸምግለዋል አለኝ። እኔም ደህና አይደለሁም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፊታቸውንስ ከሩቅም አየዋለሁ። ትከሻቸውን ልስም ነው የፈለግሁ፤ አንደኛችን ሳንሞት» አለኝ።

እናንተዬ፣ አባቴ ለእኛ ፊት ለፊት እንዲህ የሚናገር ሰው አይደለም። የሚሰማውን ሁሉ ለበሬ የሚናገር ሰው ነው።

ስልኬን አወጣሁና ቪዲዮ ፈለግሁ። ድንጋይ የሚወጡ የውጭ አገር ልጆች አሉ፤ ሥራቸው ነው። አንዱ ወጣት ልክ እንደ ደፉ ያለ ጠርዝ ላይ ሲወጣ አሳየሁት። አባቴ ስልኩን ከዓይኑ አርቆ ያዘው። ይሄ ልጅ ላዩ ላይ ምን አለው አለኝ። ምንም አልኩት። ቤተ ክርስቲያን የለም? የለም። ንብስ፣ ማር የሚቆርጥበት? ንብም የለም፣ ወጥቶ ይወርዳል አልኩት። አባቴም፣ እንግዲህ እሱ ያለ ጉዳዩ ከወጣ እኔ በጉዳዬ እንዴት ያቅተኛል አለ።

ቪዲዮውን ደጋግመን አየነው። ነገሩ ለካ መሳብ አይደለም። መሳብ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ያውም ትንሽ ዘለል ካላችሁ አያስፈልግም። ደረታችሁ ጠርዙ ላይ ሲደርስ መዳፋችሁን ታገላብጡና መሳቡን ትታችሁ መጫን ትጀምራላችሁ። አባቴ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። ትከሻው ለመሳብ እምቢ ይበል እንጂ ለመጫንማ ዕድሜ ልኩን የማረሻ ዕርፍ ሲጫን የኖረ ክንድ ነው። ይሄማ እርሻ ነው አለኝ። ሌላው ነገር ጉልበት አለማግባት ነው። ጉልበታችሁን ካስገባችሁ እዚያው ተንበርክካችሁ ትቀራላችሁ። እግር ነው የሚገባው፣ እጅ አጠገብ።

ልምምዱ የግቢያችን ካብ ላይ ተጀመረ። ከሥሩ ጭድ አነጠፍን። አባቴ ጠዋት ጸሎቱን ያደርሳል፣ ከዚያ ካቡን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። እናቴ እንጀራ ልታቀርብ ስትወጣ ታየውና፣ ሰውዬ በር አለህ እኮ ትለዋለች። እሱ አይሰማትም። ቆይቶ ቆይቶ አንድ መንገደኛ ጎረቤት አየው። ከዚያ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። በማግሥቱ ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃችን ቆሙ። በእናንተ ዕድሜ መጣላት አይገባም፣ ምን ቢያጠፋ ነው በር ዘግተሽበት በካብ የሚገባው ብለው እናቴን ወቀሷት። እናቴ ሳቋን ውጣ ጠላ ቀዳችላቸው። አስታርቀውን ነው የወጡት። ሳንጣላ መታረቅ የቻልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አባቴ ካቡ ላይ እንደ ልጅ ሆነ። እንሞክረው ብለን ወደ ገደሉ ሄድን። እኔ ከኋላው ነኝ። መቆሚያዋ ላይ ደረሰ፣ አማተበ፣ ዘለል አለ። ደረቱ ደፉ ላይ አረፈ። መዳፉን አገላበጠ። አሁን ተጫን ብዬ ልጮኽ ስል፣ አባቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ተሳለመ። ሲሳለም ክንዱ ታጠፈ፣ ክንዱ ሲታጠፍ ተንሸራቶ እቅፌ ውስጥ ወደቀ።

አባዬ ምን ሆንክ አልኩት። ተሳለምኩ እንጂ ምን ሆንኩ አለኝ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ተሳለመ። ደግሞ ወደቀ። ድሮ ክንዱ ለሁለቱም ይበቃው ነበር፣ ለመሳለሙም ለመውጣቱም። አሁን አንዱን ምረጥ እየተባለ ነው፤ እሱ ደግሞ አይመርጥም። መጀመሪያ ውጣ፣ ከዚያ እንደ ልብህ ትሳለማለህ ብዬ ለመንኩት። ተቆጣኝ።

«የሚካኤልን ደጅ ረግጬ ልሳለመው?»

ምን ትሉታላችሁ? ፈረንጁ እንደ ሆነ ይህ ጣጣ አልገጠመውም።

ያን ቀን ሳንወጣ ተመለስን። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ይነክሳል። ለዓይኑ ማረፊያ ያህል ያን ቪዲዮ ክፈትልኝ አለኝ። ከፈትኩለት። ሲያይ ቆየና ድንገት ጣቱን ስልኩ ላይ ተከለ። «ይሄም ይሳለማል እኮ!» አለኝ። ወስጄ አየሁት። እውነትም ልጁ በሚጫንበት ሰዓት ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ አገጩን ድንጋዩ ላይ ሊያስነካው ይደርሳል። ግን ጠርዙን አይደለም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ክንድ ያህል ከጠርዙ አልፎ ነው። ለካ ጭንቅላቱና ደረቱ ወደ ውስጥ ሲያጋድሉ ክብደቱ መዳፉ ላይ ያርፋል፤ እግሩ ይቀለዋል። አባትና ልጅ ተያየን። አባዬ፣ ደጁን አትሳለም፣ ገባ ብለህ መሬቱን ተሳለም አልኩት። ደጁን ሳይረግጥ፣ ውስጡን ተሳልሞ። ሌሊቱን በሙሉ ሲያሰላስለው አድሮ ጠዋት፣ ነውር የለበትም አለኝ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አገሩ ተሰበሰበ። አባቴ ሊሞክር ነው የሚለው ወሬ ቀድሞን ደርሶ ስለነበር ወይራው ሥር መቆሚያ ጠፋ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቆማለች። ልንሄድ ነው ስላት፣ መውደቅ የለም ብቻ አለችኝ፤ ለእሱ ነው ለእኔ ነው ያለችው እስካሁን አልገባኝም።

አባቴ መቆሚያዋ ላይ ደረሰ። አማተበ። ዘለል አለና ደረቱን አሳረፈ። መዳፉን ሲያገላብጥ አየሁት። ከዚያ ራሱን ወደ ውስጥ ላከ። ከጠርዙ ርቆ፣ አንገቱን እንደ ዳክዬ አስረዝሞ ድንጋዩን ተሳለመ። ክንዱ ቀጥ አለ። አንድ እግሩ ከዓይኔ ተሰወረ። ሁለተኛው አየር ላይ ትንሽ ዋለለና እሱም ገባ። ከታች እልልታው ቀለጠ። እኔ የማለቅስ አይመስለኝም ነበር፤ አለቀስኩ።

ቀጥዬ እኔ ወጣሁ። አሰልጣኙ ማለት ነው። በጉልበቴ ነው የገባሁት፤ ሱሪዬም ተቀደደ። አትንገሩብኝ።

አባ ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። አባቴ ራቅ ብሎ ቆመ። አንቱ አባ ብሎ ጠራ። ዝም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ። ዝም። ተቀይመውኛል መሰለኝ አለኝ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ሄዶ ትከሻቸውን ነካ። ዞር ሲሉ አዩት። ዳዊቱ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ያለውን አልናገረውም፤ ሁለት ሽማግሌ ተቃቅፎ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳም እኔ ገደሉን ሳይ ቆየሁ።

ሲረጋጉ አባቴ ወሬ ጀመረ። ያች የነገርኩዎት ላም ኋላ ደህና ወለደች አላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። በሬው ግን ሞተ አላቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። አባቴ ግራ ገባው። እኔን ዞሮ አየኝ። አባ መሳሳታቸው ገብቷቸው ሳቅ አሉ፤ ጆሯቸውንም በእጃቸው አሳዩን።

«ከሄደ ቆይቷል፣ ወንድሜ» አሉ። «አንድም ቀን ቃልህን አልሰማሁትም። እጅህን ስታወናጭፍ አይና፣ አለ እላለሁ። መጥቷል እላለሁ። አመሰግናለሁ።»

በሉ እንግዲህ። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ጩኸት! የቤታችንን ገመና ስማዳ ማዶ ያለው ሰው ሳይቀር ሲሰማው፣ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። የእኔም ስልክ ጤነኛ ነበር። ዲያቆኑን ጎትቼ፣ አታውቁም ነበር እንዴ አልኩት። እናውቃለን እንጂ አለኝ። ታዲያ ለምን አትነግሩንም ስለው፣ እናንተ ስትጮኹ የምታውቁ መስሎን አለኝ።

አባቴ ይናደዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተናደደም። ጋቢውን ሰበሰበና ከአባ ጎን ተቀመጠ። አፉን ቀኝ ጆሯቸው ላይ፣ ትንሽ የምትሰማዋ ላይ፣ አስጠጋ። «እንግዲህ አንቱ፣ ያን የመጀመሪያውን ክረምት ዝናቡ እንዴት ዘገየ መሰለዎት...» ብሎ ከሥር ከመሠረቱ ጀመረ። እኔ ብቻዬን ወረድኩ።

አባቴ እስካሁን አልወረደም። ገብሱን በወንፈል አጨድን፣ ከመርን። እሱ እዚያው ነው። ጆሮ ውስጥም ቢሆን ካልጮኸ ስለማይሰሙት የሚያወራው ሁሉ ታች ይሰማል። ሰው ከሰዓት በኋላ ወይራው ሥር መሰብሰብ ለምዷል። አንድ ቀን ስለ ሞተው በሬ ሲያወራ ቡሬው ነው ሲል፣ ከታች ያሉት ተቀብለው ዳለቻው ነው ብለው አረሙት። አረመ፤ ቀጠለ።

እናቴም እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ በየቀኑ ትሄዳለች። ከሁሉ ፊት ነው የምትቀመጠው። ያለፈው እሑድ ከንፋስ መውጫ መጣሁና እዚያው አገኘኋት። አውድማው ሊለቀለቅ ነው፣ ቤቱ ሰው ይፈልጋል፣ ብርዱም ለእሱ አይሆንም፤ በቃ ልውጣና ላውርደው አልኳት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ የታመመች ጊዜ እኔና እሷ ባሕር ዳር ሆስፒታል ነበርን። አባቴ ከከብቶቹ ጋር ቀረ። ስንሄድ አይዞሽ ብቻ ነው ያላት። ያን ሰሞን ወይራው ሥር ሄዶ ለወንድሙ የጮኸውን አገር ሰምቷል። ድና ስትመለስ ሴቶቹ፣ ያለውን ብትሰሚ እያሉ ዓይናቸውን ያብሳሉ፤ ምን አለ ስትላቸው ራሱ ይንገርሽ ይላሉ። ስትጠይቀው ደግሞ፣ አገሬው ወሬ ያበዛል ብሎ ወደ ከብቶቹ ይወጣል።

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። ወደ ላይ፣ ድምፁ ወደሚመጣበት አየች።

«ተወው እባክህ» አለችኝ። «ገና እኔ ጋ አልደረሰም።»